ቱላ ሶዶ ላይ የታጠፈው መንገድ

ኤልቤቴል በራሶ፣ ዲላ ከተማ እኛ ሰፈር፣ ከእናቷ ጋር ተከራይታ የምትኖር የሃያ አራት ዓመት ሴት ናት። ዶዘር ትነዳለች። ሥራዋን ለማያውቃት ሰው ስትናገር ብዙዎች የምትቀልድ ይመስላቸዋል። ቁመቷ አጭር፣ ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፤ እሑድ ጠዋት ወደ ጸሎት ቤት ስትሄድ ያያት ነርስ ወይም አስተማሪ ናት ብሎ ያልፋል። ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ፣ ከወርቃ ከተማ ወዲያ ቱላ ሶዶ በምትባል ቀበሌ የደረሰባትን ከራሷም፣ አብረዋት ከነበሩትም ሰምቻለሁ።

የተወለደችው ከዞኑ ድንበር ማዶ፣ የጌዴኦና የጉጂ ቤተሰቦች ጎን ለጎን ቡና በሚያለሙበት መንደር ነው። በ2010 በሁለቱ ሕዝቦች መሀል ግጭት ሲነሳ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። ቤተሰቧን ቀድሞ ያስጠነቀቀው የጉጂ ጎረቤታቸው ነው፤ እስከ ወንዙ ድረስም ሸኝቷቸዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን በእግራቸው ሄዱ። አባቷ ልባቸው ደካማ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን መንገድ ላይ ወድቀው ሞቱ። ከኋላ ሰው እየጎረፈ ነበርና በችኮላ መንገድ ዳር ቀበሯቸው። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ አገሩ ሲረጋጋ፣ እናቷ ወይዘሮ ጸሐይ መቃብሩን ፍለጋ ተመለሱ። ተዳፋቱ ተቆርጧል፤ መንገዱም ሰፍቷል። ቀኑን ሙሉ ወዲያና ወዲህ ቢሉም የቱ ጋ እንደነበር ሳያውቁት ተመለሱ።

እንግዲህ ልጅቷ ከሥራ ሁሉ መርጣ የከባድ ማሽነሪ ሥልጠና ስትመዘገብ እናትየው ሁለት ሳምንት ሙሉ አኮረፏት። ከሃያ ሦስት ሠልጣኞች መሀል ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ለምን እንደመረጠችው ስጠይቃት «ማሽኑ ላይ ተቀምጬ ማንም ተነሺ አይለኝም ብዬ ነው» አለችኝ።

ከወርቃ ወደ ቱላ ሶዶ የሚወጣው መንገድ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ቱላ ሶዶዎች ይህን መንገድ ስንት ዘመን ለምነዋል። ቀይ የቡና ፍሬ በአህያ ተጭኖ ማጠቢያው ጋ እስኪደርስ ይቦካል። የታመመ ሰው በቃሬዛ ይወርዳል። ታኅሣሥ ላይ የትምወርቅ የምትባል ወጣት ምጥ ጸንቶባት ጎረቤት ተሸክሟት ሲወርድ መንገድ ላይ ከነልጇ ሞተች። እናቷ ወይዘሮ ደግነት ከሐዘኗ ሳትወጣ የመንገዱ ሥራ ተጀመረ። ሴትዮዋ በየቀኑ የተቀቀለ ጎደሬ በቅጠል ጠቅልላ ለሠራተኞቹ ታመጣ ነበር፤ ኤልቤቴልን ግንባሯን ስማ፣ እጅሽ ይባረክ ብላ ትመለሳለች።

ፎርማኑ ባንተአምላክ ይባላል። ከሰሜን ሸዋ መጥቶ አሥር ዓመት በደቡብ መንገዶች ላይ የኖረ፣ ቁጡ ግን ቂም የማያውቅ ሰው ነው። ሌሎች ፎርማኖች ሴት ኦፕሬተር አንፈልግም ሲሉ ዶዘሩን መጀመሪያ ያስረከባት እሱ ነው። በዚያ ሳምንት ግን እንቅልፍ አልነበረውም። ዶዘሩ ኪራይ ስለሆነ ቅዳሜ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል፤ ሰማዩም መክበድ ጀምሯል። በአምስት ቀን መንገዱ ካልተከፈተ እስከሚቀጥለው በጋ እንደተቆረጠ ይቀራል።

ሰኞ ረፋድ ላይ ዘጠነኛው ኪሎ ሜትር ደረሱ። እዚያ፣ ከኮረብታው ትከሻ ላይ፣ ዛፍ የሌለበት ሣር የለበሰ ሜዳ አለ። ቀያሹ ቀይ ጨርቅ ያሰረባቸው ችካሎች መሀል ለመሀል አቋርጠውት ያልፋሉ። ኤልቤቴል አፈር የሚገፋውን ሰፊ ብረት፣ ብሌዱን፣ አውርዳ መግፋት ጀመረች። ድንጋይ መምታት ለዶዘር አዲስ ነገር አይደለም፤ ያን ቀን የተሰማት ግን ሌላ ነበር። መጀመሪያ ማሽኑ ገታ አለ፤ ከዚያ አንድ ነገር ቀጭ ብሎ ተሰበረ፤ ንዝረቱ በወንበሩ አልፎ አከርካሪዋ ድረስ ዘለቀ። ወደ ኋላ አፈግፍጋ ወረደች።

ከአፈሩ መሀል የወጣው ድንጋይ ረዥምና ድቡልቡል ነው፤ ከወገቡ ለሁለት ተከፍሏል። ጫፉ በመሮ ተስተካክሏል፤ አንገቱን ዙሪያውን የተቀረጸ መስመር ከቦታል። ኤልቤቴል ተማሪ ሳለች ቱቱ ፈላ ወስደዋቸው ትክል ድንጋዮቹን አይታለች፤ ከጥንት ሰዎች መቃብር ላይ የቆሙ ናቸው ተብሎ ተነግሯታል። አካፋ ይዛ ጎን ጎኑን ጫረች። በአምስት እርምጃ ውስጥ አራት ሌሎች ጫፎች ወጡ። የወደቁ አሉ፤ እንደቆሙ አፈር የዋጣቸውም አሉ። ተመልሳ ሞተሩን አጠፋች።

ባንተአምላክ የሞተሩን ዝምታ ሰምቶ እየሮጠ መጣ። ድንጋዩን አየው። አውቆታል፤ አላውቅም ለማለትም አልሞከረም። በዚህ አገር እንዲህ ያለ ድንጋይ በየኮረብታው እንዳለ፣ ሁሉ ይጠበቅ ከተባለ አንድም መንገድ እንደማይወጣ ነገራት። ቀስ ብላ ወደ ዳር ትግፋቸው፤ በኋላ ባህል ቢሮ መጥቶ ይሰብስባቸው።

«እነዚህ ሺህ ዓመት ተኝተዋል» አላት። «እኛ የቀረን አምስት ቀን ነው።»

«አንዱን እኔ ሰብሬዋለሁ» አለች። «ሁለተኛ አልሰብርም።»

የዶዘሩን ቁልፍ ጠየቃት። ከቱታዋ የደረት ኪስ ከትታው ኪሱን ቆለፈች። ሰውየው እጁን አላነሳባትም፤ ስልኩን አውጥቶ ለድርጅቱ ደወለና ነስሩ የሚባለው ኦፕሬተር ትርፍ ቁልፍ ይዞ ነገ ጠዋት ከይርጋጨፌ እንዲመጣ ተስማማ። እሷም አጠገቡ ቆማ ዲላ ባህል ቢሮ ደወለች። ያነጋገራት በፍቃዱ የሚባል ባለሙያ ነው። ምንም እንዳይነካ፣ ነገ በሞተር ብስክሌት እንደሚደርስ ነገራት። ሁለቱም ስልካቸውን ዘግተው ተያዩ። እስከ ዛሬ ሲያወሩት፣ ከዚያ በኋላ ያሳለፉት ከሰዓት በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ረጅሙ ነበር ይላሉ።

የሞተሩ መጥፋት ለመንደሩ ደወል ሆነ። በአንድ ሰዓት ውስጥ መቶ የሚሆን ሰው ሜዳውን ሞላው። ነገሩ ሲነገራቸው ለሁለት ተከፈሉ። ሽማግሌዎቹ ድንጋዮቹን ጎንበስ ብለው ያያሉ፤ ወጣቶቹ መንገዱ ይቀጥል እያሉ በጌዴኦኛ ይጯጯሁ ጀመር። መጨረሻ ላይ ወይዘሮ ደግነት ሰዉን ሰንጥቃ ኤልቤቴል ፊት ቆመች። አልጮኸችም።

«ልጄ ቃሬዛ ላይ ስትጮህ እነዚህ ድንጋዮች ተነሥተው አገዟት?» አለች። «ምራቴ ስምንት ወሯ ነው። ለእሷ ምን ትያታለሽ?»

ኤልቤቴል ደግነት እስክትሄድ ድረስ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ቆመች።

ከሜዳው በላይ ያለው ተዳፋት የአቶ ጴጥሮስ ዳካ ማሳ ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ በሽማግሌነታቸው የተከበሩ፣ ጥላ ዛፉንና እንሰቱን ከቡናው ጋር አስማምተው የሚያለሙ ሰው ናቸው። ባንተአምላክ እነዚህን ድንጋዮች ያውቋቸው እንደሆን በአማርኛ ጠየቃቸው። «እኔ አይቼ አላውቅም። አባቴም አልነገረችኝም» አሉ፤ ጌዴኦኛ የለመደ አንደበታቸው አባትን በሴት ጠርቶ። ይህን ሲሉ ግን ከፊታቸው ያለውን ድንጋይ አላዩም፤ ወደ ማሳቸው ነው ያዩት።

ኤልቤቴል ያን አስተውላለች። ሰዉ ሲበተን ወደ ቡናው አጥር ጠጋ አለች። ከአንድ እንሰት ሥር ዝናብ ቀለሙን ያጠበው የቀያሽ ችካል ተተክሏል። ከሱ በላይ ሌላ አለ። ተከታትላ አምስት አገኘች። ስለ ችካሎቹ ባንተአምላክን ጠየቀችው። እሱም ነገሩን ከቁም ነገር ሳይቆጥር መለሰላት፤ የመጀመሪያው መስመር በላይ በኩል፣ በሽማግሌው ቡና ውስጥ ነበር። ዓምና ሕዝቡ ተሰብስቦ ሲመክር አቶ ጴጥሮስ ተነሥተው፣ ከታች ማንም የማያርሰው ባዶ መሬት እያለ ቡና ለምን ይነቀላል አሉ። ሁሉም እውነት ነው ብሎ አጨበጨበ፤ ቀያሹም መስመሩን አወረደው።

ኤልቤቴል ከዚያ በኋላ አልጠየቀችም። ማንም የማያርሰው መሬት ለምን ሳይታረስ እንደኖረ ሽማግሌው ያውቁ እንደነበር ገብቷታል።

ማክሰኞ ጠዋት ነስሩና በፍቃዱ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ልዩነት ደረሱ። በፍቃዱ ካሜራውን አውጥቶ ከጫፍ ጫፍ ዞረ፤ ከአፈር ብቅ ያሉትን ብቻ ቆጥሮ አሥራ ሰባት አላቸው። ከዚያ ሥራው በደብዳቤ እስኪፈቀድ መቆም እንዳለበት ተናገረ። አንድ ሰው ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ጠየቀው። ሁለት ወር፣ ምናልባት ሦስት አለ። ዋሽቶ ማረጋጋት ይችል ነበር፤ አላደረገውም።

ሕዝቡ ወደ ፊት ገፋ። ከኋላ የተወረወረ ድንጋይ የሞተር ብስክሌቱን መብራት ሰበረ። ሁለት ወጣቶች በፍቃዱን ከካሜራው ማንገቻ ያዙት። ባንተአምላክ መሀላቸው ገብቶ ሲገላግል ሸሚዙ ተቀደደ። በዚህ መሀል ወይዘሮ ደግነት ነስሩን ክንዱን ይዛ ወደ ዶዘሩ ወሰደችው። ነስሩ ምን እንደተፈጠረ በወጉ አልተነገረውም፤ ግፋ ተብሎ የመጣ ሰው ነው። ወጥቶ ተቀመጠ። ሞተሩ ተነሣ፤ ጥቁር ጭስ ወደ ላይ ተፋ፤ ብሌዱ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አለ።

ኤልቤቴል ከማሽኑ ፊት አልቆመችም። ስለ ራሷ ስትናገር ጀግና አልነበርኩም ትላለች። ሰዉን በጎን አልፋ አጥሩ ሥር ብቻቸውን ወደቆሙት ወደ አቶ ጴጥሮስ ሄደች። ጆሯቸው ጋ ጠጋ ብላ በጌዴኦኛ ተናገረች።

«አባባ፣ ችካሎቹን አይቻለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ አልናገርምም። አባቴን መንገድ በልቷቸዋል። የት እንዳሉ አናውቅም።»

ዶዘሩ አንድ ሜትር ያህል ወደ ፊት ሄደ። የመጀመሪያው ድንጋይ ጫፍ ከብሌዱ ሥር ሊገባ ክንድ ሲቀረው፣ አቶ ጴጥሮስ በትራቸውን በሁለት እጃቸው ከራሳቸው በላይ አነሡ። ሶንጎ እንዲቀመጥ ጠሩ።

ሶንጎ የጌዴኦ ሽማግሌዎች ዳኝነት የሚቀመጡበት ጉባኤ ነው። ሶንጎ ሲጠራ ቁጡም ቢሆን ይቀመጣል፤ እዚያ መዋሸት ከነውር ሁሉ የከፋ ነው። ወጣቶቹ አጉረመረሙ፤ ግን በፍቃዱን ለቀቁት። ነስሩ የሽማግሌዎቹን ፊት አይቶ ሞተሩን አጠፋ። ከሜዳው ዳር ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ሁሉም ሣር ላይ ተቀመጠ፤ ባንተአምላክም በተቀደደ ሸሚዙ።

አቶ ጴጥሮስ በትራቸውን ተደግፈው ለመናገር ተነሡ። ቦታው መቃብር እንደሆነ ከልጅነታቸው ጀምሮ እንደሚያውቁ ተናገሩ። አባታቸው ሣሩን ሳይቀር አታጭዱ ይሏቸው ነበር። ሌላ ቀበሌ ድንጋይ የተገኘበት ሰው ማሳው ታጥሮ ተወሰደበት የሚል ወሬ ሰምተው ድንጋዮቹን አፈር ሲውጣቸው ደስ አላቸው። ቀያሹ በቡናቸው በኩል ሲመጣ ደግሞ መንገዱን ወደ ሙታን መሩት።

«ለቡናዬ ፈራሁ» አሉ። «ቡናዬን ለማዳን ብዬ የማላውቃቸውን አባቶች ሸጥኩ። ትናንትም ይሄን ሰውዬ ዋሸሁት። መስመሩ ወደ ነበረበት ይመለስ።»

ቀድማ የተናገረችው ደግነት ናት። ይቅርታ አድርጌልዎታለሁም፣ ጥፋተኛ ነዎትም አላለችም፤ ቡናው ዛሬውኑ ይነቀል አለች።

በፍቃዱ መንገዱ ሜዳውን ሙሉ በሙሉ ከለቀቀ በበኩሉ እንደማያስቆመው ተናገረ። ባንተአምላክ መሐንዲሱ ጋ ደውሎ ለረጅም ጊዜ ተከራከረ። የተሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ተዳፋቱ ለዶዘር አደገኛ ነው፤ በኃላፊነትህ ሞክር፤ ቅዳሜ ግን ማሽኑ ይሄዳል።

ነስሩ ተዳፋቱን ወጥቶ አይቶ እኔ አልገባበትም አለ። አቶ ጴጥሮስም በሌላ ሰው እንዲሠራ አልፈለጉም። ወደ ኤልቤቴል መጥተው ቡናዬን አንቺ ንቀይው አሏት። ቁልፉን ከኪሷ አወጣች።

ረቡዕ ጠዋት ቡናው አብቦ ነበር። ከቀናት በፊት የጣለው ካፊያ ያነሣው ነጭ አበባ ቅርንጫፉን ሁሉ ሸፍኖታል፤ ጠረኑ ከናፍጣው ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ካቢኑ ውስጥ ይገባል። ብሌዱ የነካው ዛፍ ሁሉ አበባውን እያራገፈ ይወድቃል። አቶ ጴጥሮስና ባለቤታቸው አጥሩ ላይ ቆመው እስከ ማታ አዩ። አንድም ጊዜ አልተቀመጡም።

አደጋው የመጣው ሐሙስ ከሰዓት ነው። ሌሊቱን ዝናብ ጥሏል። ኤልቤቴል ተዳፋቱን በአግድም እየቆረጠች ሳለ ከታች በኩል ያለው፣ ዶዘሩ እንደ ጎማ የሚሄድበት ሰንሰለት የረገጠው አፈር ተንሸራተተ። ማሽኑ ወደ ጎን አዘነበለና መሄድ ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ ግን የማይቆም ይመስል ነበር። ከታች፣ በሠላሳ እርምጃ ርቀት፣ ሜዳው ከነድንጋዮቹ ተዘርግቷል። ነስሩ ከፊት ቆሞ በእጁ ሲመራት ነበርና ፊቱ ሲገረጣ አየችው። ዝለይ እያለ ይጮሃል። ከዘለለች ዶዘሩ ተገልብጦ መቃብሩ ላይ ያርፋል፤ ካልዘለለች ደግሞ አብራው ትገለበጣለች። ብሌዱን ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ መሬት ለቀቀችው። ብረቱ አፈሩን ሰንጥቆ ከሥር ካለው ዐለት ጋር ተጋጨ፤ ዶዘሩ እያቃሰተ ግማሽ ሜትር ሄደና ቆመ።

ከካቢኑ አልወረደችም። ብወርድ ተመልሼ የምወጣ አይመስለኝም ነበር አለችኝ። ነስሩ ሰዎች ሰብስቦ የተነቀሉትን የቡና ግንዶች ከሰንሰለቱ ሥር አስነጠፈ። መጀመሪያ ተሸክመው የመጡት አቶ ጴጥሮስ ነበሩ፤ ከኋላቸው ማክሰኞ ድንጋይ ሲወረውሩ የነበሩት ወጣቶች ተሰለፉ። ግንዶቹ ላይ እየረገጠች፣ ስንዝር በስንዝር፣ ማሽኑን ወደ ላይ መለሰችው።

ዓርብ ማምሻውን ሜዳው በስተግራ ቀርቶ መንገዱ ከላይ አለፈ። ቀሪውን ሁለት ኪሎ ሜትር ለመክፈት ግን ጊዜ አልበቃም። ቅዳሜ ዶዘሩ በትልቅ መኪና ተጭኖ ሄደ፤ እሑድ ዝናቡ በርትቶ ወረደ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የደግነት ምራት ምጥ ሲይዛት ጎረቤት በቃሬዛ መንገዱ ሜዳውን እስከሚዞርበት ኩርባ አወረዳት፤ አምቡላንስ እዚያ ድረስ መጥቶ ጠበቃት። በሰላም ተገላገለች። አሁንም ግን ቃሬዛ አለ።

የኤልቤቴል ውል ግንቦት ላይ ሲያልቅ አልታደሰም። ደብዳቤው ሥራ በመቀነሱ ይላል። ባንተአምላክ ራሱ ሰው ጋ ደውሎ ገደብ ወረዳ ሌላ ተቋራጭ ጋ አስገባት። የተሰበረው ትክል ድንጋይ ሁለት ቁራጭ ሆኖ ከሜዳው ዳር ተጋድሟል፤ በፍቃዱ ቁጥር ጽፎበታል፤ የሚያያይዘው እስካሁን አልተገኘም። ወይዘሮ ደግነት ከአቶ ጴጥሮስ ጋር ታርቃለች። ኤልቤቴልን ግን ወርቃ ገበያ ላይ ስታያት ፊቷን ታዞራለች።

ኤልቤቴል ይህን ስትነግረኝ አልተቀየመችም። «እውነቷን ነው» አለችኝ። «ሰኞ ዕለት ስለ ልጇ ስትጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።»

አዲሱ ሥራ ላይ ሞተር ከማስነሣቷ በፊት ችካሎቹን በእግሯ ትከተላለች። ሽማግሌ ካገኘች ድንጋይ አለ ወይ ብላ አትጠይቅም፤ እንዲህ ከተጠየቀ ሰው እንደሚደብቅ አውቃለች። ፍየል የማታስገቡበት ቦታ የት ነው ብላ ነው የምትጠይቀው። ባለፈው ወር አንዲት አሮጊት ይህን ስትጠየቅ ከዘራዋን አንሥታ ከመስመሩ በስተቀኝ ወዳለው የዛፍ ጥላ ጠቆመች። ኤልቤቴልም ወደዚያው ሄደች።